የሁለት ሰው ኮት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ዛሬ ጠዋት ለኔው ብሎ የተከፈተ ይመስል የወንድሜን ልጅ ነገር አንድም ሳያስቀር ሰማው። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። እሱ ከላይ፣ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል። «አዎ፣ ኮት አልብሱልኝ። ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፣ ክራቫቱ ቀይ። ቱታው ጭራሽ እንዳይታይ። ለዘጠኝ ሰዓት ይድረስልኝ እንጂ ሌላው ግድ የለም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚመጡት» ይላል። መጀመሪያ ስለ ትንሹ ልጁ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ሕፃን ልጅ ነው እንጂ አልብሱልኝ የሚባልለት! ነገሩ ሲገባኝ ግን ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ። ኮት ይልበስ የተባለው ወንድሜ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔና የወንድሜ ጋራዥ በነበረበት ቦታ ላይ ልጁ መስታወት በመስታወት የሆነ የመኪና መለዋወጫ መደብር አሠርቷል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል። በሩ ላይ «አባትና ልጅ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ፊደሉ የሰው ቁመት ያክላል። ከመግቢያው ፊት ለፊት የአባቱ ትልቅ ፎቶ ሊሰቀል ነው፤ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ኮት እንዲያለብሰው የታዘዘው ይኸው ፎቶ ነው። ልጁ ክፉ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ግቢው ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ለኔ ትቶልኛል፤ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ሳይለኝ ከግቢ አይወጣም። መልሴን ለመስማት ግን የመኪናውን ሞተር አያጠፋም። እኔም እጄን አነሳለታለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚያች እጅ ማንሳት ሌላ ከሰው ጋር የምለዋወጠው ነገር ሳይኖር ይመሻል።

ደንበኞቻችን ወንድሜን ክላክስ ይሉት ነበር፤ ሲስቅ ማዶ ሰፈር ይሰማል። እኔን ፍሬን። ዝም አይነቅዝም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የምለፈልፈው አሁን ብቻዬን ስቀር ነው። ክላክስ በሕይወት ዘመኑ የራሱ ኮት ኖሮት አያውቅም። እኔም። የሁለታችን ኮት ግን ነበረን። ጋራዡን በከፈትን በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠበቃ ነኝ ያለ ሰው ሞተሩን አሳድሶ የሚከፍለው ቢያጣ ኮቱን አውልቆ ሰጠንና በሸሚዙ ሄደ። ከኋላው ሳየው ትከሻው ወርዶ፣ የገባው ሰውዬና የወጣው ሰውዬ ሌላና ሌላ መስለውኝ ነበር። ኮቱ ግራጫ ነው፣ ገበሩ ሐር መሳይ። ለወንድሜ እጅጌው አጥሮ ከአንጓው በላይ ይቀራል፤ ለኔ ጣቶቼን ይውጣቸዋል። መካከለኛው ቁልፍ ሲወድቅ ክላክስ ከቱታው ላይ የብረት ቁልፍ ነቅሎ በቀጭን ሽቦ አሰረበት። በክርማ ወይዘሮ ትስፋ፣ እኛ መካኒክ ነን አለ።

ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ሠርግ፣ ለቅሶ ሲኖር ባለተራው ይለብሳል፤ ሌላው ጋራዥ ይጠብቃል። በአንድ ድግስ ላይ ሁለታችንን አብረን ያየ ሰው የለም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ባለሱቅ ለብዙ ጊዜ አንድ ሰው መስለነው ኖሯል፤ «ዛሬ ደግሞ ምነው አጠርክ?» ብሎኝ ያውቃል። የሄደው ሲመለስ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ ይሰቅልና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያወራል፤ ማን መጣ፣ ማን ተኮራረፈ፣ ማን ጠጥቶ ሰው ፊት ወደቀ። የቀረው በሩን ሳይቀረቅር ነው የሚጠብቀው፤ ሥርዓታችን ነበር። ወንድሜ ካገባ በኋላ እንኳ መጀመሪያ እኔ ክፍል መጥቶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ወሬውን አራግፎ ነበር ወደ ሚስቱ የሚገባው። በኋላ እጃችን ላይ ትንሽ ነገር ሲገኝ ሌላ ኮት እንግዛ ስለው «ሁለታችንም ከወጣን ጋራዡን ጅብ ሊጠብቀው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ዘንድ ቀርቤ እንድታይ ቀን ተቆረጠ፤ በዚያው ቀን ደግሞ ወንድሜ በድንገት ፍርድ ቤት ተጠራ። ፍርድ ቤት ቱታ ለብሶ የገባ ሰው ሳይናገር ተፈርዶበታል፤ ኮቱን ወሰደ። እኔ ቱታዬን አሳጥቤ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። አባትየው በሩን ከፍተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ተመስገን፣ ደረስክልን! ና፣ ከኋላ ነው ያለችው» ብለው እየመሩ ወሰዱኝ። ከኋላ ያለችው መኪናቸው ናት። ከትናንት ጀምሮ አልነሳ ብላቸው መካኒክ አስጠርተው ኖሯል። አፌን ልከፍት አልኩ፤ እጄ ቀድሞ ሞተሩን ከፈተ። ካርቡራተሩ ነበር። መኪናዋን አስነስቼላቸው፣ ውኃ አጠጥተውኝ፣ መርቀውኝ ተመለስኩ። ልጅቷ በመስኮት አይታኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማታ ለክላክስ ስነግረው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለሷ አንስተን አናውቅም።

ክላክስ ሲሞት ተራው የኔ ሆነ። ኮቱን ለብሼ ቀበርኩት። ልጁ ያን ጊዜ ለትምህርት ባሕር ማዶ ነበር፣ አልደረሰም። ከቀብር መጥቼ ኮቱን ሰቀልኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንደመጣ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ለይስሙላ እንዳለቀሰ የምነግረው ሰው አልነበረም። ወሬው ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እና ዛሬ ጠዋት ያንን የስልክ ወሬ ስሰማ ደሜ ፈላ። ወንድሜ ኮት ይልበስ ከተባለ የሰው ኮት ምን በወጣው! ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ፣ በእርጥብ ጨርቅ አባብሼ፣ ክንዴ ላይ አጥፌ ወደ ፎቶ ቤቱ ወጣሁ። ፎቶ ቤት ኮት እንደሚያለብሱ አውቃለሁ፤ በኛ ጊዜ ለመታወቂያ የሚነሳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፎቶ ቤቱን ኮት እየተዋዋሰ ነበር የሚነሳው። ሙት እንዴት እንደሚለብስ ግን አላሰብኩም። ኮቱን ካደረስኩላቸው እነሱ ያውቁበታል አልኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። መንገድ ላይ ወንድ ሁሉ በልብሱ ይታየኝ ጀመር። የባንክ ቤት ልጆች ሱሪያቸው ቅልጥማቸውን አንቆት በጥድፊያ ያልፋሉ። ሥራ ፈላጊው ያስታውቃል፣ በጠራራ ፀሐይ ክራቫቱን አያላላም። አለቃ የሆነው ደግሞ ሸሚዙን አውጥቶ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይንጎማለላል፤ ማን ምን ሊለው! ልብስ ግድ የሚሆነው ለሌለው ሰው ነው። ኮት ክንዱ ላይ አጥፎ የሚሄድ ሽማግሌ ምን ተብሎ እንደሚታይ እንጃ። ሻጭ መስያቸው ነው መሰለኝ አንድ ሁለት ሰው ዋጋውን ጠየቀኝ።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ቬንትሌተር ይንቋቋል፣ ግድግዳው በሙሽሮችና በተመራቂዎች ተሞልቷል። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ጎልማሳ የመጣሁበትን ስነግረው ኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ሊውጥ ታገለ። «አባባ፣ ኮቱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው እኮ» አለና ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ወይ ጉድ! ራስ የሌለው፣ እጅ የሌለው ኮት በያይነቱ ተደርድሮ፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ባለ መስመሩ። ሁሉም ደረቱን ነፍቶ አንገት ይጠብቃል። «የታዘዘው ይኼ ነው» ብሎ አንዱን ሲነካው ወንድሜ መጣ።

ፎቶውን ሳየው አወቅኩት። ጋራዡ የተከፈተ ቀን በሩ ላይ ሁለታችን የተነሳነው ነው። ቱታችን ገና አዲስ፣ ቅባት አልነካውም። ክላክስ አፉን ከፍቶ ይስቃል። እኔ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ እጄን ትከሻው ላይ ጥያለሁ። ጎልማሳው «ይኼኛው ሰውዬ ይውጣ ተብሏል» አለና ጣቱን አንዴ ጠቅ ሲያደርገው እኔ ጠፋሁ። በኔ ቦታ የጋራዡ በር ብቻ ቀረ።  «ማን ነበሩ?» አለኝ፣ ወሬ ለማሳመር ያህል። ፊቴን እያየ ነው የሚጠይቀኝ፤ አላወቀኝም፣ ከየት ያውቀኛል? «እንጃ፣ ረዳቱ ይሆናል» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አልገባኝም። ኩራት ነው መሰለኝ። እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ደግሞ ያዝንልኛል፤ የሰው ሐዘኔታ እንደ ጠባብ ጫማ ነው፣ አልችለውም። ወንድሜ ትከሻ ላይ ግን አራት ጣቶቼ ቀርተው ነበር። ጠቆምኩት። «እነሱን ኮቱ ይሸፍናቸዋል፣ ሐሳብ አይግባዎት» አለኝ።

ያን ጊዜ ኮቱን ከክንዴ አንስቼ ደረቴ ላይ አቅፌ ያዝኩት። ጎልማሳውም አየ መሰለኝ ድምፁን አለዘበ። «ኮቱ የራሳቸው ነበር?» አለኝ። ነበር አልኩት። ለልጁ ደወለለት። «አንድ የቤተሰብ ሰው የአባትዎን ትክክለኛ ኮት ይዘው መጥተዋል፣ እሱን ላድርግላቸው?» ሲል ከወዲያ በኩል ጩኸት የመሰለ ነገር ሰማሁ። «በጣም ደስ ብሏቸዋል» አለና ስልኩን ዘጋ። «በሉ ይልበሱት፣ ላንሳዎት። ፊትዎ አይወጣም፤ የሚፈለገው ደረትዎ ብቻ ነው።» ለበስኩ። ፊቴ እንደማይወጣ እያወቅኩ ፀጉሬን በእጄ ደመደምኩ። አንስቶኝ ሲያበቃ ራሴን ከአንገቴ በላይ ቆረጠውና የወንድሜን ራስ አምጥቶ ሰካው። «ትከሻው ጠበባቸው፣ ላስፋው። ይቺን ቁልፍ ደግሞ እንደሌሎቹ አደርጋታለሁ» አለ። «ተዋት» አልኩ። «ትከሻውንም ተወው።» ሳይነካው አስቀረው።

እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቅበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወንድሜ በኔ ደረት ላይ ቆሞ እየሳቀ ነው። ስመለስ መንገዱ አልታወቀኝም። ዕድሜ ልካችንን አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲቀር ኖረን፣ ዛሬ ግን እሱ ኮቱን ለብሶ ግድግዳው ላይ፣ እኔም ኮቱን ለብሼ ከሥሩ፣ አንድ ድግስ ላይ አብረን ልንቆም ነው። ለአንድ ቀን። ሌላ ነገር አልፈለግኩም፤ ስሜ ይጻፍ፣ ወንበር ይሰጠኝ፣ አላልኩም። ክፍሌ ገብቼ ነጩን ሸሚዜን አወጣሁ። የወንደላጤ ነገር፣ ካውያውን በአንገትጌውና በደረቱ ላይ ብቻ አሳለፍኩት፤ ሌላውን ኮቱ ይሸፍነዋል። ጫማዬን ቀለም ቀባሁ። ከመስታወቱ ፊት ቆሜ «ምነው ዛሬ ደግሞ አጠርክ?» ብዬ ራሴን ተረብኩ።

የመደብሩ በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ይግቡ ጌታዬ» ብሎ ከወገቡ ጎንበስ አለልኝ። የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ባለ መብራት የመስታወት ሣጥኖች፣ ሣጥኖቹ ውስጥ እንደ ወርቅ ጌጥ የተቀመጡ የፍሬን ሸራና የሞተር ካንዴላ። አንዱ ሣጥን ባዶውን ነው፤ ምን ሊገባበት ይሆን ብዬ አለፍኩት። የሞተር ማውረጃችን የነበረበት ቦታ ላይ እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ልጁ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ በቀይ ክራቫት ለብሷል፤ ለአባቱ ያዘዘው የራሱን ልብስ ኖሯል። መጋረጃው ሲገለጥ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ክላክስ የበር ያክል ሆኖ ይስቃል፤ የብረቷ ቁልፍ ብልጭ ትላለች። «አባቴ ማንም ሳይረዳው፣ ብቻውን፣ በሁለት እጁ ነው ከዚህ ያደረሰን» አለ ልጁ። እኔ ትከሻውን አየሁ። ጣቶቼ ከሥሩ እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ግድ የለም አልኩ በሆዴ፣ አብረን ነን።

ንግግሩን ሲጨርስ በሰዉ መሀል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሰዉን እየገፋ መጥቶ ጥምጥም አለብኝ። ከሕፃንነቱ ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም። እጄን ጀርባው ላይ አደረግኩ።  ቆይቶ ቆይቶ ነው ያስተዋልኩት፤ አፍንጫውን የኮቱ ትከሻ ላይ ቀብሮ ይስባል።

«ጋሼ» አለኝ። ድምፁ የልጅነቱ ነበር። «አባዬን ይሸታል። አባዬን አባዬን ይሸታል።»

 ክላክስ ከመታመሙ በፊት ነው ያንን ኮት ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰው። ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ቤቱም፣ ለቀብሩም፣ ለሁሉም የለበስኩት እኔ ነኝ። ያ ሽታ የኔ ላብ ነው፣ የኔ ሳሙና፣ የዚያች የጥግ ክፍል እርጥበት። ግን ለአባቱ ቀብር ያልደረሰ ልጅ በአፍንጫው አባቴን አገኘሁ ብሎ ሲያለቅስ «አይ፣ እኔ ነኝ» ይባላል? አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ፍሬን የተባልኩት በከንቱ አይደለም። ሚስቱ መጥታ ክንዱን ያዘችው፤ ባዶውን ሣጥን በዓይኗ አሳየችው። የፎቶ ቤቱ ሰው ከደወለላቸው ጀምሮ ለኮቱ ብለው አስለቅቀውት ኖሯል።

«አውልቀው ጋሼ» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «እዚህ በክብር እናኖረዋለን። የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ይኼ ኮት እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ስለጠበቅክልን እግዜር ይስጥልን።»

አወለቅኩት። እንግዶቹ ደግሞ አጨበጨቡ። ኮቱ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ መብራት በራበት፤ እኔ የተጨማደደው እጅጌዬ እስከ ብብቴ እየታየ መሀል ወለል ላይ ቆምኩ። የልጁ ሚስት ቀረብ ብላ፣ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ እንዳይበርድዎት፤ ከኋላ ሠራተኞቹ ጋ ትኩስ ሻይ አለ» አለችኝ። ለደግ ብላ ነው። እሺ አልኳትና በዋናው በር ወጣሁ። መንገድ ላይ ያ ጠበቃ ትዝ አለኝ። በሸሚዙ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ ያየሁት፣ ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን መሽቷል። ከላይ፣ ከሳሎኑ፣ የእንግዶች ሳቅ ይሰማል፤ የቀሩትን ይዘው መጥተዋል መሰለኝ። ሚስማሩ ባዶውን ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ያጠፋ ሰው አላገኘሁም። ሕጉ የራሳችን ሕግ ነው፤ ኮቱ አንድ ነው፣ ባለተራው ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል። ባለፈው ጊዜ ቀብሩ ላይ የለበስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ተራው የሱ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ አብረን እንሄዳለን ያልኩት። ከወጣሁ በኋላ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተኮራረፈ፣ ማን ጠጥቶ እንደወደቀ አላውቅም። እሱ ያውቃል፤ ሁሉንም ከላይ ሆኖ አይቷል። ሳቁ ከላይ ረገብ ሲል ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ መቀርቀሪያውን ያዝኩና ለቀቅኩት። ሳልቀረቅረው ተመልሼ ተቀመጥኩ።